የአምስት በመቶው ሒሳብ



በእግር ኳስ ዓለም ብዙ ደጋፊ ልብ የማይለው አንድ ሕግ አለ። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዘዋወር፣ ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። አከፋፈሉ እንደ እኔ ያለውን መሐንዲስ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከ12 እስከ 15 ላሉት አራት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ድርሻ 5 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ስምንት ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ 10 በመቶ ይታሰባል። ሲደመር መቶ ይሞላል። ለምሳሌ ዝውውሩ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቢሆን የሚከፋፈለው 500,000 ዩሮ ነው። ልጁን ከ16 እስከ 18 ዓመቱ፣ ሦስት ዓመት ያሰለጠነ አካዳሚ 150,000 ዩሮ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ሒሳቡ ንጹሕ ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው በፌዴሬሽን የተመዘገበ ክለብን ብቻ ነው። ልጁን አብልታ ያሳደገች እናት፣ ምስጢሩን የጠበቀለት ጓደኛ፣ የመንገድ ገንዘብ የሰጠ አጎት፣ ዱዓ ያደረገለት ጎረቤት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የእነሱ ድርሻ ስንት በመቶ ነው?

ይህ ጥያቄ የኳስ ተጫዋቾች ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ተወልደን ወይም በሕፃንነታችን መጥተን ካደግነው መካከል «ለእናንተ ስንል ነው የተሰደድነው» የሚለውን ቃል ሳንሰማ ያደግን ጥቂት ነን። አንዱ አባት ወሎ ላይ የነበረውን መሬት ትቶ፣ አንዷ እናት ጅዳ ላይ በሰው ቤት ዓመታት ሠርታ፣ ሌላው በሱዳን በኩል አቋርጦ ነው እዚህ የደረሰው። ይህ ሁሉ ሲከፈል እኛን የጠየቀን የለም። ስለዚህ የአንድን ሴኔጋላዊ ወጣት መንገድ ይዤ ሁለት ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። ሳይጠይቅ የተከፈለለት ሰው እዳ አለበት? ካለበትስ፣ ያልተሳካለት ሰው በምን ይከፍላል?

ከባምባሊ እስከ ሜትዝ

ሳዲዮ ማኔ እ.ኤ.አ. በ1992 በደቡባዊ ሴኔጋል፣ በካዛማንስ አካባቢ በምትገኘው የባምባሊ መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ መስጂድ ኢማም ነበሩ። ማኔ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ታመሙ። በመንደሩ ሆስፒታል አልነበረም። ለባህላዊ ሕክምና ወደ ሌላ መንደር ተወሰዱ፤ በሕይወት አልተመለሱም። ማኔ ካደገ በኋላ እንደተናገረው፣ እህቱም በዚያው ምክንያት ቤት ውስጥ ነው የተወለደችው።

በ2002 የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ሴኔጋል የዋንጫውን ባለቤት ፈረንሳይን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ማኔ አሥር ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በአገሩ ኳስ ማለት ሌላ ነገር ሆነ። ቤተሰቡ ግን አላመነበትም። አባት በሌለበት ቤት የኢማሙ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ኳስ ሲያሳድድ ማየት ለማንም ቤተሰብ አያስደስትም። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ለቅርብ ጓደኛው ብቻ ነግሮ፣ ከቤት ጠፍቶ ዳካር ገባ። ቤተሰቡ ፈልጎ አገኘው። ለመመለስ እሺ ያለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ የዓመቱን ትምህርት እጨርሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ትለቁኛላችሁ አለ። ተስማሙ። ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ወደ ዳካር ሄደ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አጎቱ ከጎኑ ነበሩ፣ ለመንገዱም ገንዘብ ተገኘለት።

ዳካር ላይ ለሙከራ ሲቀርብ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው የተቀደደ ታኬታውንና ቁምጣውን አይቶ በዚህ ልትጫወት ነው ወይ ብሎ እንደተገረመበት ማኔ ራሱ ተርኳል። ሜዳ ገብቶ ሲጫወት ያየውም ያው ሰው ወዲያው መረጠው። ጄኔራሲዮን ፉት የተባለው አካዳሚ ከፈረንሳዩ ሜትዝ ክለብ ጋር ስምምነት ስለነበረው፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በ2011 ወደ ሜትዝ ተሻገረ። እናቱ ይህን አያውቁም ነበር። ደውሎ ፈረንሳይ ነኝ ሲላቸው አላመኑትም። በቴሌቪዥን እስኪያዩት ድረስ ልጃቸው ሴኔጋል ውስጥ ያለ ነበር የሚመስላቸው።

የሚቀጥለውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ተጎዳ፤ ሜትዝም በ2012 ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ከዚያ ሳልዝበርግ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ሊቨርፑል መጡ፤ በ2019 ሻምፒዮንስ ሊግን፣ በ2020 ፕሪምየር ሊግን፣ በ2022 ከአገሩ ጋር የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። በ2021 ደግሞ እሱ ያሠራው ሆስፒታል በባምባሊ ተከፈተ። ቀደም ሲል ለትምህርት ቤትም ሰጥቷል።

ሽሽትና ሽኝት

ይህን ታሪክ ሁላችንም የምናወራው ከመጨረሻው ጀምረን ነው። ዋንጫውን ስላየን ከቤት መጥፋቱን «ቆራጥነት» እንለዋለን። ዳካር ላይ ጉልበቱ ተሰብሮ ቢቀር ኖሮ ግን ያንኑ ድርጊት «አለመታዘዝ» ነበር የምንለው። ልጁ ያው ነው፣ ድርጊቱም ያው ነው። የተለወጠው ውጤቱ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1976 በዚህ ጉዳይ ላይ የታወቀ ጽሑፍ አቅርቧል። ምሳሌው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ለሥዕል ሲል ወደ ታሂቲ የሄደው ሰዓሊ ጎጋን ነው። ዊልያምስ እንዳለው ሰዓሊውን ትክክል ነበር ሊያሰኘው የሚችል ነገር ካለ ስኬቱ ብቻ ነው፤ ስኬት ደግሞ በከፊል በዕድል የሚወሰን ነው። ፈላስፎች ይህን የሞራል ዕድል ይሉታል።

ሐሳቡ ከባድ ነው፤ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እኔ ግን ልቀበለው አልቻልኩም። በ2022ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ማኔ ግብፅ ላይ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። ከ120 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ዋንጫውን የወሰነውን የመጨረሻ ምት አስቆጥሯል። የሳተውም ያገባውም አንድ ሰው ነው። በረኛው በየትኛው በኩል እንደወደቀ ታይቶ የሰውየው ማንነት አይወሰንም። አንድ ልጅ እናቱን ማስጨነቁ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውም ከዓመታት በኋላ በሚገባ ጎል ሊፈረድ አይችልም። እኛ ሙስሊሞች የኒያን ቦታ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ውጤቱ በእጃችን እንዳልሆነም እናውቃለን። ስኬትን ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሚያጥብ ውኃ ካየነው የተማርነውን ረሳን ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ከማኔ መንገድ ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ከዋንጫዎቹ ላይ አይደለም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው የዳካር ጉዞ መካከል ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው። መንገዱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ልጁም አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን ሽሽት ነበር፤ ሁለተኛው ሽኝት። በመካከላቸው ቁጭ ተብሎ ተወራ። ልጁ የጠላውን ትምህርት አንድ ዓመት ታገሠ። ቤተሰቡም የፈራውን ነገር ፈቀደ። ሁለቱም ወገን የሚወደውን ነገር ሰጠ። ይህ ስምምነት ልክ የነበረው ያን ጊዜ ነው፤ ማኔ ከዚያ በኋላ አንድም ጎል ባያገባ ልክነቱ አይቀንስም ነበር።

ታሪኩን ማሳመርም አያስፈልግም። ልጃቸው ፈረንሳይ መሆኑን በስልክ የሰሙት እናት ከዝርዝሩ ውጭ ሆነው ነበር። በኋላ ደስ ይበላቸው እንጂ ያ ጊዜ የእሳቸው ነበር፤ አልተነገራቸውም።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ልጅ

አሁን ስለ ሌላው ልጅ እናውራ። ስሙን አናውቀውም፤ ምክንያቱም አልተሳካለትም። በዳካር፣ በአቢጃን፣ በአክራ፣ በያውንዴ ሜዳዎች ከማኔ ያላነሰ ሮጧል። አንድ ቀን ወኪል ነኝ የሚል ሰው ወደ ቤተሰቡ ይመጣል። አውሮፓ ውስጥ የሙከራ ዕድል አግኝቼለታለሁ፣ ለቪዛና ለትኬት ገንዘብ ያስፈልጋል ይላል። ቤተሰቡ ከብት ይሸጣል፣ መሬት ይሸጣል፣ ይበደራል። ልጁ ባዕድ ከተማ ይደርሳል። ሙከራው የለም፣ ወይም አንድ ቀን ታይቶ አንፈልግህም ይባላል። የሰውየው ስልክ ይዘጋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ቤተሰቡ የነበረውንም አጣ።

ይህ ተረት አይደለም። ለካሜሩን ብሔራዊ ቡድን የተጫወተው ዣን ክሎድ ምቩሚን በዚህ መንገድ ተጥለው ያገኛቸውን ወጣቶች ለመርዳት በ2000 በፈረንሳይ ፉት ሶሊዴር የተባለውን ድርጅት መሥርቷል። ፊፋም ከ2001 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተጫዋቾች ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወሩ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከልክሏል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን የሚያስረው የተመዘገበ ክለብን ነው። የአጭበርባሪን አፍ አይዘጋም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው መመለስ አይፈልጉም። ቤተሰቤ መሬቱን ለእኔ ሸጦ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ይላሉ። አንዳንዱ በስታዲየም ደጃፍ ፎቶ ተነስቶ ይልካል፤ ተጫዋች ነኝ ይላል። ቤተሰቡ በመንደሩ ይኮራል። ልጁ በሰው አገር ተደብቆ የቀን ሥራ ይሠራል። የታለለው ልጅ ራሱን እንደ ሌባ ያያል። ለምን? የተሰጠውን ነገር እዳ ብሎ ስለጠራው ነው። የተሰጠን እዳ ከሆነ መክፈያው ስኬት ነው፤ ያልተሳካለት ደግሞ የሰው ገንዘብ በልቶ የጠፋ ይሆናል።

ድልድይ ስንነድፍ ፀሐይ ወጥቶ አንድ ብስክሌት ብቻ ለሚያልፍበት ቀን አንነድፍም። ከባድ መኪና ተደርድሮ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ መቆም አለበት፤ ከዚያም በላይ ጭነት እንዲችል መጠባበቂያ እንጨምርበታለን። የሥነ ምግባር ሐሳብም እንደዚሁ መፈተን ያለበት ይመስለኛል። ስለ ውለታ የምናምነው ነገር ለማኔ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አይበቃም። ሥራ አጥቶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛውንም ልጅ መሸከም አለበት። «እዳ» የሚለው ቃል ይህን ፈተና አያልፍም።

እዳና አማና

በቋንቋችን ሌላ ቃል አለ፤ እሱም አማና ነው። ሰው አማና ሲሰጠን የሰጠን ነገር የእኛ አይደለም። ግን ተበድረነውም አይደለም። እንድንጠብቀውና ለተገቢው ሰው እንድናደርሰው አምኖን ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃል ብቻ አይደለም። እዳ መጠን አለው፤ ስንከፍለው ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ከአበዳሪው ጋር ምንም ላይኖረን ይችላል። ደግሞም ለሰጠን ሰው ነው የምንመልሰው። አማና ግን ወደ ኋላ ብቻ አይሄድም። ማኔ ለአባቱ ሊከፍላቸው አይችልም፤ ሞተዋል። ሆስፒታሉ አባቱን አይመልስም። የሚያገለግለው ዛሬ ባምባሊ ውስጥ የታመመን የሌላ ልጅ አባት ነው። ማኔ የተቀበለውን ወደ ፊት አሳለፈው። የአምስት በመቶው ሒሳብ ይህን መቁጠር አይችልም፤ እሱ የሚያውቀው ወደ ኋላ መክፈልን ብቻ ነው።

እናቶቻችን ትልቅ ነገር ሲደረግላቸው «አላህ ይክፈልህ» የሚሉት ለወግ ብቻ አይመስለኝም። ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ሒሳቡን ወደሚችለው አስተላልፌዋለሁ ማለት ነው። ተቀባዩ ከጭንቀት ይገላገላል፤ ምስጋናው ግን ይቀራል።

አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ ይህ ለሰነፍ ሰበብ መስጠት አይሆንም? እዳ የለብህም ስትለው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አማና ከእዳ ይቀላል ያለ ማነው? እዳ የሚያልቅበት ቀን አለው፤ ይህ አማና ግን ዕድሜ ልክ ነው። በየወሩ ገንዘብ ልኮ «ከፍያለሁ» ብሎ ወላጆቹን ለዓመት የማይጠይቅ ሰው እንደ ባለ እዳ ካየነው ነጻ ነው። እንደ አማና ጠባቂ ካየነው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በሌላ በኩል አማና ከአቅም በላይ አይጠይቅም። የተሰጠህን ሳታባክን፣ ሳትዋሽ፣ በጥንቃቄ ይዘህ ሳለ ከእጅህ ቢወሰድ አማናውን በላህ አትባልም። የታለለው ልጅ አማናውን አልበላም። አጭበርባሪው ነው የበላው።

ከእሱ የሚጠበቀው አንድ ነገር እውነቱን መናገር ነው። የሰው አማና የያዘ ሰው እቃው የት እንዳለ ሲጠየቅ ሳይደብቅ ይናገራል። ስለዚህ ከስታዲየሙ ደጃፍ የተላከው ፎቶ ነው የአማናው መጉደል፤ አለመሳካቱ አይደለም።

የእኛ ድርሻ

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ቤት ሲመጣ ምን ይመስላል?

ታውቋቸዋላችሁ። ወላጆቹ ሐኪም ይሆናል ብለው ለዘመድ ሁሉ የተናገሩለት፣ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱ አልሆነለትም ብሎ ያቋረጠ ወንድም። አሁን ለዒድ እንኳ ቤት አይመጣም፤ ሥራ በዛብኝ ይላል። ወይም ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቧ የሚመታ እህት፤ የሚጠየቀውን መላክ አትችልም፣ አልችልም ማለትም አትችልም። ሁለቱም የሚያመልጡት ከሚወዷቸው ሰዎች ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ አባታችሁ በሌሊት ታክሲ የነዳው የምስክር ወረቀት ለመግዛት አልነበረም። እንዲህ የሚል ቃል በቁጣ ከአፉ ወጥቶ ይሆናል፤ የደከመ ሰው ቃል ይወጣዋል። አስቀምጣችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ልጁ ደህና ሰው እንዲሆንና እንዲጠጋው ነው። ይህን ለመስጠት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ ሊቨርፑል መጫወትም አያስፈልግም። የመረጣችሁት መንገድ እሱ ካሰበው የተለየ ከሆነም ከማኔ ቤተሰብ የሚወሰደው ትምህርት ይኸው ነው። ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። የምትታገሡትን ነገር ንገሩት፤ እሱም የሚፈቅደውን ይንገራችሁ። ሽሽታችሁን ሽኝት አድርጉት። አንድ ዓመት ቢፈጅም ያዋጣል።

ከአገር ቤት ለሚመጣው ጥያቄም እንዲሁ ነው። የምትችሉትን በግልጽ ወስኑ፤ የማትችሉትንም በአክብሮት ተናገሩ። ስልኩን ከመዝጋት ይሻላል። ገንዘብ ባይኖር ድምፅ አለ። አክስታችሁ የሚፈልጉት አንዳንድ ጊዜ የሰላምታችሁን ድምፅ ብቻ ነው።

ስለ ማኔ ከሚነገሩት ሁሉ እኔ ከሆስፒታሉ እኩል የማየው አንድ ትንሽ ነገር አለ። በ2018 መስከረም አካባቢ ሊቨርፑል ሌስተርን ባሸነፈበት ሰሞን ማኔ በከተማው አር-ረሕማ መስጂድ የውዱእ ቦታውንና መጸዳጃውን ሲያጸዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጭቶ ነበር። ሆስፒታሉን መሥራት የሚችለው ሚሊዮን የሚከፈለው ሰው ነው። መስጂድ ማጽዳት ግን ያ ከአካዳሚ የተመለሰው፣ ያ ጉልበቱ የተጎዳው፣ ያ በአጭበርባሪ የተታለለው ልጅም ይችላል። አማና ለሁሉም የሚሆን ድርሻ አለው ያልኩት ለዚህ ነው። በማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለትንንሾቹ የሒሳብ ትምህርት የሚሰጥ፣ አንዲት አዲስ የመጣች እናት ቀጠሮ ሲኖራት አብሯት ሄዶ የሚያስተረጉም፣ የተቀበለውን ወደ ፊት እያሳለፈ ነው።

ወላጆቻችን ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ሲሳካለት «አልሐምዱሊላህ» እንደምትሉት ሁሉ፣ ሳይሳካለት ሲቀርም በሩ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። ልጁ ከወደቀ በኋላ ከሆነ ላይሰማችሁ ይችላል። ከመሄዱ በፊት፣ ገና ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ «ቢሆንልህም ባይሆንልህም ቤትህ ይኸው ነው» በሉት። ይህ ቃል ከምትሰጡት ገንዘብ ሁሉ በላይ ስንቅ ይሆነዋል።

ቤታችሁ ከሄዳችሁ ረጅም ጊዜ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የሚመጣውን ዒድ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ደውሉ፤ የሆነውን እንደሆነው ንገሯቸው። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ፣ የወደቀውንም ወንድማችንን በሩን ከፍተን የምንቀበል ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።